ውሃ የበላው ጠመንጃ

ኮምቦልቻ መጥታችሁ «ዓሣው የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብየዳ ቤቴ በር ድረስ የሚያደርሳችሁ ሰው አታጡም። እውነተኛ ስሜ መላኩ ነው፤ መላኩ ብለው የሚጠሩኝ ግን እናቴና ቀበሌው ብቻ ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣልኝ ከጅቡቲ ስመለስ ነው። ወጣት ሳለሁ እንደ ብዙ የሰፈሬ ልጆች በጭነት መኪና ተሳፍሬ ጅቡቲ ወርጄ ነበር። እዚያ ወደቡ ላይ፣ የመርከብ ሆድ ላይ የሚጣበቀውን ዛጎል ውሃ ውስጥ ሆኜ ስፍቅ ዓመታት አሳለፍኩ። አገሬ ስገባ ሰው ቴሌቪዥንና ስልክ ሲያመጣ እኔ ያመጣሁት አንድ ጥቁር የጎማ ልብስ፣ አየር የሚያቀብል ትንሽ ኮምፕሬሰርና ረጅም ቀጭን ጎማ ነበር። ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። «ቦርከና ውስጥ ልትጠልቅ ነው?» አሉኝ። ቦርከና በበጋ ጉልበት አይደርስም።

ግን ከደሴ ወዲያ ሐይቆች አሉን። አንዱ ጀልባው ሲገለበጥበት፣ ሌላው የመስኖ ሞተሩ ሲሰምጥበት እኔን መጥራት ተጀመረ። ሰው የሰመጠ ቀንም የሚጠሩት እኔን ነው። ሥራውን የወደድኩት ግን ባልተጠራሁበት ነገር ነው፤ ስፈልግ በማገኘው ሳይሆን ሳልፈልግ በሚያጋጥመኝ። ከሐይቅ ሥር የልብስ ስፌት መኪና አውጥቻለሁ። በሩ በሽቦ የታሰረ ማቀዝቀዣ አግኝቼ ልቤ እስኪቆም ፈርቼ ስከፍተው ጭቃ ብቻ ሆኖ ያውቃል። በነጠላ የተጠቀለለ የሙሽራ ጫማ፣ አንድ እግሩ ብቻ፣ አግኝቻለሁ። እነዚህን ሁሉ ብየዳ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ደርድሬ፣ ለደንበኛ እያሳየሁ፣ እንደ ልጆቼ እኮራባቸው ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኋላ ታስፈልገናለች። ብዙ ዘመን ውሃ ውስጥ የኖረ ብረት ድንገት ከደረቀ ይፈረፈራል። ስለዚህ ያወጣሁትን ሁሉ መጀመሪያ የምነክረው ግቢዬ ውስጥ ባለ የውሃ በርሜል ነው፤ ዝገቱ ላልቶ እስኪለቅ እዚያው ይከርማል። ኮምፕሬሰሩን የሚይዝልኝ የእህቴ ባል ከድር ይህን ልማድ ከእኔ በላይ ይዞታል። ልብሱንም፣ መረቡንም፣ ዕቃውንም ሳይጠይቅ በርሜል ውስጥ ይዘፈዝፋል። «አንተም ብትሞት መጀመሪያ የምነክርህ እዚህ ነው» ይለኛል።

ጀማል የመጣው በጥር ወር፣ አንድ ጠዋት ነው። ጺሙን ያሳመረ፣ ጃኬቱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ጨዋ። ደሴ ሆጤ ውስጥ ሱቅ እንዳለው ነገረኝ። መደርደሪያዬን ዕቃ በዕቃ ተመለከተ።

«ውሃ የበላውን ሁሉ ታወጣለህ ይሉኛል።»

«ቦታውን ካሳየኸኝ አወጣለሁ» አልኩት።

«የአባቴ ነገር ነው። አርዲቦ ሐይቅ ውስጥ። ረጅም ብረት ነው። ውሃ በላው።»

እኛ ኮምቦልቻዎች «ውሃ በላው» የማንለው ነገር የለም። የጠፋ ስልክም፣ የፈረሰ እጮኝነትም፣ የተረሳ ቀጠሮም ውሃ በልቶታል። ስለዚህ የሰመጠ ዕቃ ነው ብዬ አለፍኩት።

«ጀልባ ተገልብጦ ነው?»

«ልጅ ነበርኩ። ጀልባው ላይ ነበርኩ» አለኝ።

ያልጠየቅኩትን እንደመለሰልኝ ያስተዋልኩት በጣም ዘግይቼ ነው። ልጅ ሆኖ የአባቱን ዕቃ ሲሰምጥ ያየ ሰው መስሎኝ አሳዘነኝ።

በቀጠሯችን ቀን ከድር የአጎቱ ቀብር ገጥሞት ገራዶ ሄደ። ማሽኑ ላይ የራሴ ሰው ሳይኖር መውረድ አልወድም፤ እዚያ ታች አየሬ በሰው እጅ ነው። ቀኑን እናዛውረው አልኩት።

«አብሽር» አለኝ ጀማል። «ማሽኑን እኔ እይዛለሁ። አሳየኝ ብቻ።»

«አብሽር» ሲል ድምፁ ሰው ያረጋጋል። የተቆጣ ሰው እንኳ ዝም ብሎ የሚቀመጥለት ዓይነት ነው። እሺ አልኩት። ከሆጤ ሱቁ በር ላይ አንስቼው በቅዝቃዜው ከደሴ ወጣን፤ በሐይቅ ከተማ በኩል አድርገን አርዲቦ ደረስን። መንገዱን ሙሉ ስለ ሱቁና ስለ እናቱ አጫወተኝ። ሐይቁ ብቅ ሲል ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ።

ዳር ላይ ጀልባ ያለው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር። እንድሪስ ይባላሉ። ቀጭን፣ ጎንበስ ያሉ፣ ክንዳቸው ግን በመቅዘፍ ብዛት የወጣት ክንድ የመሰለ። ለሰላምታው መጠን የላቸውም፤ ስለማያውቋት እናቴ ጤና ሳይቀር ጠየቁኝ። ከዚያ ከትከሻቸው ላይ የጨርቅ ከረጢት አውርደው የሽምብራ ቆሎ አፈሱልን።

«ያዙ ልጆቼ፤ ባዶ ሆድ ውሃ ላይ ጥሩ አይደለም።»

እኔ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ጀማል እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ጾመኛ ነኝ አባባ» አላቸው። መንገድ ላይ ሙዝ ስንበላ እንደመጣን አስታወስኩ፤ ግን ነገሩን አላነሳሁትም። እንዲጉመጠመጥበት ውሃ ሞልተው ያቀረቡለትን ጣሳም ሳይነካ አለፈ።

እንድሪስ እየቀዘፉ ጀማል መራን። ዓይኑ ውሃው ላይ ሳይሆን ዳርቻው ላይ ነበር፤ በአንድ ወገን አንዲት ትልቅ ዋርካ፣ በሌላ ወገን ነጭ አለት። ሁለቱን እያስተያየ «ወደ ግራ… ትንሽ… እዚህ» አለ።

መቅዘፊያው ቆመ። እንድሪስ ዋርካዋን አዩ፤ አለቱን አዩ።

«እዚህ ቦታ እኛ መረብ አንጥልም» አሉ።

«ለምን?» አልኳቸው።

«እንዲያው ነው ልጄ። እዚህ ምን ጠፋባችሁ?»

«አብሽሩ አባባ» አለ ጀማል። «የአባቴ ዕቃ ነው።»

ሽማግሌው ፊቱን አተኩረው ተመለከቱት። እኔ እቸኩል ነበር፤ ኮምፕሬሰሩን አስነስቼ ለጀማል አሳየሁት። ገመዱን አንዴ ከሳብኩ ደህና ነኝ፣ ሁለቴ ከሳብኩ ዕቃ ታስሯል ሳበው። ጎማውን ነክሼ ወረድኩ።

የአርዲቦ ውሃ ከላይ ሰማያዊ ነው፤ ከታች ግን የሻገተ አረንጓዴ ሆኖ ይጨልማል። ከሦስት ፎቅ ቁመት በላይ ወርጄ ጭቃው ላይ አረፍኩ። በእጄ እየዳበስኩ ስፈልግ ብዙም አልቆየሁ፤ ጣቶቼ ክብ ድንጋይ ነኩ። የውሃ ወፍጮ ድንጋይ ነው፤ መሐሉ የተበሳ። በቀዳዳው ውስጥ ደግሞ አንድ ረጅም ብረት ተሰክቷል። ጭቃውን ጠረግኩለት። ጠመንጃ ነበር።

ሰንሰለት ከድንጋዩ ጋር ጠፍሮታል። ሰንሰለቱ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ተቆልፏል፤ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ፣ ዓይነታቸው የተለያየ። አንድን የማይረባ ጠመንጃ ከወፍጮ ድንጋይ ጋር አስሮ፣ ያውም ሁለት ጊዜ ቆልፎ ሐይቅ ውስጥ የሚከት ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? በሕይወቴ ካገኘሁት ሁሉ የሚገርመው ነገር ይኸው ሆነ። ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ያሰብኩት መደርደሪያዬን ነው። ሰንሰለቱን በብረት መፈልቀቂያ ስጠመዝዘው ዝገት በልቶት ኖሮ ተበጠሰ። አንዱ ጓጉንቸር እጄ ላይ ቀረ። እንደ ልማዴ የጎማ ልብሴ የእግር ኪስ ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ዘጋሁ። ጠመንጃውን ገመድ ላይ አስሬ ሁለቴ ሳብኩ።

እስክወጣ ድረስ ጠመንጃው ጀልባው ወለል ላይ ተጋድሞ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ተንጠልጥዬ ገባሁ፤ ወደ ታች የሚያሰምጠኝን የእርሳስ ቀበቶዬን ፈታሁ፤ መነጽሬን አወጣሁ። ጀማል ኮምፕሬሰሩን አጠፋው። ድንገት በጣም ጸጥ አለ። እንድሪስ መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጠመንጃውን እያዩ ነበር፤ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

«ይህን መልሰው» አሉኝ። ወደ እኔ ነው የተናገሩት። «ልጄ፣ በፈጠረህ አምላክ ይህን መልሰው።»

«ወደ ዳር ቅዘፍ» አለ ጀማል።

«አባባ» ይላቸው የነበረው ሰው «ቅዘፍ» ሲላቸው ዞር አልኩ። እጁ ላይ ሽጉጥ ይዟል።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አልኩ። ሳቅም እየመጣብኝ ነበር፤ ሰው ሲደነግጥ የሚመጣው ዓይነት ሳቅ። «ይኸ እኮ አይተኩስም። በዝገት አልቋል።»

«እንዲተኩስ አልፈልግም» አለኝ ጀማል በዚያው በጨዋ ድምፁ። «የሚተኩስ እኔ ጋ አለ። ደረቅ መሬት እንዲነካ ብቻ ነው የምፈልገው።»

እንድሪስ መቅዘፊያውን አነሱ።

«የሐሰን ልጅ ነህ» አሉት። «ስትቆም እንደሱ ነህ። እኔ ዓይኔ ደክሞ ነው ያላወቅኩህ።»

እየቀዘፉ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ጀማል አልከለከላቸውም። በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው የጀማልን አባት የገደሉት እንድሪስ ነበሩ፤ በዚያው ጠመንጃ። ከእስር ሲመለሱ ደም አስታራቂዎቹ፣ እነሱ አበጋር የሚሏቸው ሽማግሎች፣ ሁለቱን ወገን አስቀምጠው ደሙን አደረቁት። ጠመንጃው ከድንጋይ ጋር ታሰረ፤ አንዱን ጓጉንቸር የሟች ወገን፣ ሌላውን የገዳይ ወገን ቆለፈ፤ ቁልፎቹም ውሃ ውስጥ ተጣሉ። «ይህ ብረት ደረቅ መሬት እስካልነካ ድረስ በመካከላችን ደም የለም» ተብሎ ተማለ። በዚያ አገር «ውሃ የበላው» ማለት ይህ ነው። የጠፋ ዕቃ ማለት አይደለም። ለውሃው በአማና፣ በአደራ የተሰጠ ማለት ነው።

«እኔ አልማልኩም» አለ ጀማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ተሰበረ። «እጄን ይዘው ነው ድንጋዩ ላይ ያኖሩት። እያለቀስኩ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ግን መሐላ መሐላ ነው፤ ወላሂ አላፈርሰውም። ውሃ ላይ አልነካህም፣ ደረቅ መሬት ላይ ነው።»

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ሰው የሚገድል ብዙ ዓይነት አይቻለሁ፤ በዚህ አገር ያላየ የለም። እንዲህ ሕግ እያከበረ የሚገድል ግን አላየሁም ነበር። መሐላውን ላለማፍረስ የእኔን እጅ ተከራይቶ፣ የእኔን ሞኝነት መሣሪያ አድርጎ ነው። ዳሩ ደግሞ እየቀረበ ነበር፤ ሣሩ ይታየኛል። እንድሪስ ወደ ሞታቸው ራሳቸው ይቀዝፋሉ።

«ለምንድን ነው የሚቀዝፉት?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ሲጠብቁት የኖሩት ነገር ሲመጣ ያደክማል ልጄ» አሉኝ።

ጠመንጃው ላይ ዘለልኩ። አንስቼ ልወረውር ስል ጀማል በሽጉጡ ሰደፍ አፌን መታኝ። የፊት ጥርሴ ተሰብሮ ምላሴ ላይ ወደቀ። አልለቀቅኩም። ደግሞ መታኝ፤ ቅንድቤ ተተርትሮ አንዱ ዓይኔ በደም ተሸፈነ። የጠመንጃውን አፈሙዝ ይዞ ጎተተ፤ እኔ ሰደፉን ይዤ ጎተትኩ፤ ሁለታችን በጉልበታችን ተንበርክከን እንደ ውሾች ተናነቅን። በክርኔ ጉሮሮው ላይ ደጋግሜ መታሁት። እንድሪስ ተነስተው ሽጉጥ የያዘውን እጁን ጨበጡ። ያኔ ተኮሰ። ሽማግሌው አልጮኹም፤ ትከሻቸው ወደ ኋላ ሄደና ነጭ ሸሚዛቸው ቀላ። እኔ ጠመንጃውን ከእጁ መንጭቄ ወደ ሐይቁ ወረወርኩት። ጀማል ሊይዘው ሲወረወር ጀልባው በእሱ በኩል ተጋደመ፤ ኮምፕሬሰሩ ተንሸራተተ፤ ተገለበጥን።

ስወጣ ውሃው በዙሪያዬ ቀይ ነበር። የእኔም የሳቸውም ደም ነው። እንድሪስ በአንድ እጃቸው የተገለበጠውን ጀልባ ይዘዋል። ጀማል የለም።

«ልጁ የት አለ?» አሉኝ።

«ይሂድ» አልኳቸው። ከልቤ ነው ያልኩት። አፌ ሙሉ ደም ነበር።

«አውጣው!» ብለው ጮኹብኝ። በዚያ ቀን የጮኹት ያኔ ብቻ ነው። «ይኸ ልጅ ከሞተ ሁለተኛ ደም ነው። ልጆቼ ይወርሱታል። አውጣልኝ!»

የአየሬ ጎማ አንድ ጫፉ በጀልባው ተይዞ ወደ ታች ተወጥሮ ቆሟል። ኮምፕሬሰሩ ሲሰምጥ ጎማው የሆነ ነገር ይዞ ወርዷል። አየር የለኝም፤ ቀበቶዬም የለም፤ የጎማ ልብሴ ወደ ላይ ይገፋኛል። ደረቴን አየር ሞልቼ ጎማውን እየጨበጥኩ፣ እጅ በእጅ፣ ራሴን ወደ ታች ጎተትኩ። ጆሮዬ ውስጥ መርፌ ገባ፤ ከዚያ አንድ ነገር ፈነዳና ሕመሙ ወደ ሙቀት ተለወጠ። ጨለማው ውስጥ እግር ነካሁ። ጎማው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጠምጥሟል። እጁ አንገቴን ያዘኝ፤ አንቆ ሊያስቀረኝ ነበር፣ የሚሰምጥ ሰው የያዘውን አይለቅም። በጉልበቴ ሆዱን መታሁትና ለቀቀኝ። ቢላዬን አውጥቼ ከጅቡቲ ይዤው የመጣሁትን፣ ስንት ዘመን ያበላኝን ጎማ ቆረጥኩት።

ወደ ላይ የሄድነው በልብሴ ነው፤ እኔ አቅም አልነበረኝም።

ጥይቱን የሰሙ ገበሬዎች ከዳር ዘለው ገብተው ጎተቱን። ጀማልን ሣሩ ላይ በደረቱ አስተኙት። ደማቸው የሚንጠባጠብ እንድሪስ ናቸው በጤነኛው እጃቸው ጀርባውን እየተጫኑ ውሃውን ያስወጡለት። መጀመሪያ አስታወከ። ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያደረገው ወገቡን መዳበስ ነው፤ ሽጉጡን ፈለገ። ሽጉጡ የለም። ቀና ብሎ ማን እንደሚጫነው ሲያይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሳቸው ውሃ በጣሳ አቀረቡለት። ፊቱን አዞረ።

ደሴ ሆስፒታል የገባነው ሦስታችንም ነን። ቅንድቤን ሰፉኝ፤ ጆሮዬ ተበስቷል ተባልኩ። የጎማ ልብሴን ነርሷ አውልቃ በፌስታል ከታ ለከድር ሰጠችው። ፖሊስ ጀማልን በሽጉጡ ጉዳይ ወስዶ ኋላ በዋስ ለቀቀው፤ የዚያ ነገር በራሱ መንገድ ሄዷል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የእንድሪስ ልጆች ናቸው። ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ማንንም ሳያናግሩ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመው አየኋቸው። እንደዚያ የቆመ ሰው ምን እንደሚያስብ ለማወቅ ወሎዬ መሆን አያስፈልግም።

ሼህ አራጋው የተባሉት አበጋር የመጡት ያኔ ነው። በጣም ሸምግለዋል፤ ያንን ድንጋይ ጀልባ ላይ የጫኑት ራሳቸው ናቸው። ሁለቱን ወገን ሆጤ፣ የጀማል እናት ግቢ ውስጥ አስቀመጡና እኔን ከመሐል አቆሙኝ።

«ከሁለቱም ወገን ያልሆንከው አንተ ነህ» አሉኝ። «በምታምንበት ምለህ ንገረን። ብረቱ ደረቅ መሬት ነካ ወይስ አልነካም?»

በሚካኤል ማልኩ። «አልነካም። ወደ ሐይቁ ወርውሬዋለሁ፤ ሲሰምጥ አይቻለሁ።»

የጀማል ራስ አልተነሳም። የእንድሪስ ልጆች ትንፋሻቸውን ለቀቁ። እኔም ልቀመጥ ስል ሼሁ እጃቸውን አነሱ።

«ከሱ ጋር የነበረ፣ ያነሳኸው ሌላ ነገር አለ?»

ያን ጊዜ ነው ኪሴ ትዝ ያለኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ አንድ ዝገት የበላው ጓጉንቸር ነው። ግን አሁን ምያለሁ፤ ደግሞም መሐላ ቃል በቃል የሚጠብቅ ሰው ከፊቴ ተቀምጧል።

«አንዱ ጓጉንቸር» አልኩ። «ኪሴ ውስጥ ከትቼው ነበር።»

ጀማል ቀና አለ። የእንድሪስ ታላቅ ልጅ ከመቀመጫው ተነሳ። ግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ጋቢው ውስጥ ያስገባ መሰለኝ።

«የት ነው ያለው?» አሉ ሼሁ።

ስልኬን አውጥቼ ከድር ጋ ደወልኩ። ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«ከድር፣ ያን ቀን ልብሴን ምን አደረግከው?»

«ምን አደርገዋለሁ፤ በርሜል ውስጥ ነከርኩት።»

«ኪሱን ከፍተህ ነበር?»

«የአንተን ኪስ ማን ይከፍታል? ከነደምህ ነው የነከርኩት።»

«መሬት ላይ አስቀምጠኸዋል?»

«ምን ሆነሃል? ከፌስታሉ ወደ በርሜሉ። እስካሁን እዚያው ነው። ውሃውም ሸቶብኛል፤ መጥተህ ድፋው።»

ማንም አልሳቀም። ሼህ አራጋው የተነሳውን ልጅ በእጃቸው ምልክት መልሰው አስቀመጡት።

«እርጥብ ኪስ ውስጥ የዋለ፣ ከዚያም በርሜል ውስጥ ያደረ ብረት እኔ ደረቅ መሬት ነካ አልልም» አሉ። «ሐቁ ግን የጀማል ነው። ልጅ ሆኖ ያልተጠየቀውን ዛሬ እንጠይቀዋለን። ሄዶ ይየውና እሱ ይፍረድ።»

ኮምቦልቻ ወረድን። በርሜሉ እውነትም ሸቷል። ከድር ሰዉን ሁሉ ሲያይ ደንግጦ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ጀማል እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተ፤ ልብሴን አገኘ፤ የኪሱን ክዳን ውሃው ውስጥ እንዳለ ሲከፍተው ድምፁን ሰማሁት። ጓጉንቸሩን በጣቶቹ ዳሰሰ። እጁ በርሜሉ ውስጥ፣ ፊቱ ከውሃው ጋር ሊነካካ ደርሶ። ቢፈልግ አውጥቶ ግቢዬ ውስጥ መጣል ነበር። የእንድሪስ ልጆች በር ላይ ቆመዋል። አንድ የእጅ ንቅናቄ ነው የቀረው።

«ይኸ የእኛ ወገን ነው» አለ በመጨረሻ። «አጎቴ ሲቆልፈው አስታውሳለሁ። ድምፁን አስታውሳለሁ።» ቀና ሳይል «ባልዲ አላችሁ?» አለ።

ከድር ባልዲ አመጣለት። ባልዲውን በርሜሉ ውስጥ አጥልቆ፣ ጓጉንቸሩን ከውሃ ሳያወጣ ወደ ባልዲው አሳለፈው።

ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያ ጠመዝማዛ ሁሉ ጀማል ባልዲውን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀመጠ። መኪናው በዞረ ቁጥር እሱም አብሮ ይዞራል፤ ሱሪው በውሃ ራሰ፤ «ቀስ በል፣ ይፈሳል» እያለ ሾፌሩን ይለምናል። ሰው ሊገድል ወደ ሄደበት ሐይቅ ሲመለስ ነው ያን ሁሉ የሚጠነቀቀው።

አርዲቦ ዳር እንድሪስ ክንዳቸውን በጨርቅ አንግተው ጠበቁን። ጀማል እስከ ወገቡ ውሃው ውስጥ ገባና ባልዲውን ዘቅዝቆ ለቀቀው። ከወገቡ በታች ውሃ እያንጠባጠበ ተመለሰ። ሽማግሌው በደህናው እጃቸው ከከረጢታቸው ቆሎ ዘግነው ዘረጉ። ጀማል እጁን ኪሱ ውስጥ ሊከት ጀመረና ተወው። እርጥብ መዳፉን ዘረጋ። ቆሎውን ሲያኝከው የተሰማውን ያህል ትልቅ ድምፅ በዚያ ሐይቅ ዳር ሰምቼ አላውቅም፤ ያውም በአንድ ጆሮዬ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ስለ ዛገ ብረት ይህን ያህል ትላላችሁ። እኔም እል ነበር። ውሃ ሥር የማገኘው ነገር ሁሉ ባለቤት የሌለው፣ እኔን ሲጠብቅ የኖረ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዱ ነገር ግን የሰመጠ አይደለም፤ ሰዎች ተስማምተው፣ አልቅሰው፣ እየከፋቸውም ቢሆን ያስቀመጡት ነው። መደርደሪያዬን አፍርሼዋለሁ። የሙሽራዋን ጫማም ወደ ነበረበት መልሻታለሁ፤ የማን እንደሆነች ባላውቅም።

ሐኪሙ ጥልቅ ውሃ ከልክሎኛል፤ ሰው ሲሰምጥ ግን ማን ይሰማዋል፣ እወርዳለሁ። ዕቃ ፈልገው የሚመጡም አልጠፉም። ብየዳ ቤቴ በር ላይ ቆመው «ዓሣው፣ ውሃ የበላው ነገር አለን» ይሉኛል። መዶሻዬን አስቀምጬ በደህናው ጆሮዬ በኩል እጠጋቸውና አንዲት ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ።

«ማን ነው ያበላው?»